አንድ ሰው የቀረው ክብ

ከዚህ በታች ያለው ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ የተንጠለጠልኩበት ታክሲ ሁሉ ጎማው ይተንፍስ፤ የጠራሁት ተሳፋሪ ሁሉ በሌላ ሰው ታክሲ ይሂድ፤ ምላሴም «መገናኛ» ማለት አቅቷት «መናገኛ» ስትል ትክረም። ሰፈራችን ውስጥ «አሻግሬ ካወራው ግማሹን ጣል፣ የቀረውን ለሁለት ክፈል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይበሉ። ይህን ግን እህቴ አይታለች፣ አቶ መክብብ አይተዋል፣ ሰባት ተሳፋሪዎችም አይተዋል። ከሰባቱ አንዱ እስከ ዛሬ አያናግረኝም፤ እሱ ራሱ ግን ውሸት ነው አይልም።

ነገሩ የሆነው አምና፣ በ2117 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ ነው።

ሥራዬ የታክሲ ረዳትነት ነው። ታክሲዎቹ ሹፌር ካጡ ቆይተዋል፤ ረዳት ግን አላጡም። መጀመሪያ እኛንም አባረውን ነበር አሉ። በምትካችን የተቀዳ ድምፅ ገጠሙ። ድምፁ ጨዋ ነበር፤ «ውድ ተሳፋሪያችን፣ ወደ ሜክሲኮ እባክዎ ይግቡ» ይላል። ማን ይገባለታል? የአዲስ አበባ ሰው ካልተጮኸበት የሚሄድበትን አያምንም። ታክሲዎቹ ሦስት ወር ባዶአቸውን ሲዞሩ ከረሙና ደንብ ወጣ፦ በየታክሲው በር ላይ አንድ ሰው ይንጠልጠል፣ ይጩህ። መታወቂያዬ ላይ «ሰብዓዊ ጯሂ፣ ደረጃ ሁለት» ይላል። ደረጃ አንድ ለመሆን ስምንተኛ ክፍልን ማጠናቀቅ ያስፈልጋል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ገብቼ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በመስኮት።

ታክሲዬ ሰላሟ ትባላለች። ሰባት ሰው ትጭናለች። ሁለት ጠባይ አላት፤ ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እንፈልገዋለን። ስድስት ሰው ሲሞላ «አንድ ሰው የቀረው!» ብዬ ካልጮህኩ በበሩ ጀርባዬን ትጎሽመኛለች። ሰባተኛው ከተቀመጠ ደግሞ ወላጅ እናቷ ብትሮጥ አትጠብቅም።

አሁን ወደ ክቡ ልምጣ።

በአያቴ ዘመን ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው በጆሮው ነበር አሉ። ቀኝ እጁን በአናቱ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ ሄዶ አፈር ይጫወት። ከዚያ መዋዕለ ሕፃናት መጣ። ከዚያ የመዋዕለ ሕፃናት መግቢያ ፈተና መጣ። ከዚያ ለመግቢያ ፈተናው የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት፣ ለእሱም ሌላ መግቢያ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ወደ ታች ሲወርድ፣ እኛ በስምንተኛ ክፍል መስኮት የሸሸነው ነገር አራት ዓመት ተኩል ላይ አረፈ። በወረቀት «አሃድ ክብ» ይባላል። እኛ «ክቡ» እንለዋለን።

ፈተናው እንዲህ ነው። ልጁ አንዲት ትንሽ መድረክ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። ግድግዳው ላይ የብርሃን ክብ ይሳላል፤ መሃሉ ከልጁ እግር ሥር፣ አናቱ ከልጁ አናት እኩል። በክቡ ጠርዝ ላይ አንዲት ነጥብ ከቀኝ በኩል ተነሥታ ወደ ላይ ትዞራለች። ይህን ያህል ዲግሪ ስትዞር ምን ያህል ከፍ አለች? ይኸው ነው። ከፍታው ሳይን ይባላል። ለአራት ዓመት ልጅ።

ሰው ለምዶታል። ዳቦ ቤት «የሠላሳ ስጪኝ» ትላለህ፤ አሥራ ሁለት ቦታ ከተቆረጠው ክብ ዳቦ አንዷን ይሰጡሃል። ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ልጁ የቁራሹን ዲግሪ ሳይጠራ አይጎርስም። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝወርቅ መንታዎቿን እንዲህ ስታሳድግ አንደኛው ክቡን አወቀ፣ ሁለተኛው ዳቦ መጥላት ጀመረ። ቤት ልትከራይ ስትሄድ አከራዩ «ልጆችሽ ክብ አልፈዋል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያላለፈ ልጅ ግድግዳ ያበላሻል ይባላል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሴቶቹ እንባቸውን እየጠረጉ «የአንቺዋ ዘጠና ደረሰች?» ይባባላሉ። የአራት ዓመት ሕፃን ሁሉ ሦስት መቶ ስድሳ ዲግሪ አለው። እኔ አንድም ዲግሪ የለኝም።

የእህቴ የፈትለወርቅ ልጅ ትርንጎ ሁለት ጊዜ ወድቃለች።

ፈትለወርቅ ጎመን የሚበቅልበት ፎቅ ላይ ትሠራለች፤ ሠላሳ አንደኛው ወለል፣ ቆስጣ ክፍል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ትገባለች፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ትወጣለች። ስለዚህ ትርንጎ ውሎዋ ከእኔ ጋር ሰላሟ ውስጥ ነው። የሹፌሩ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ባዶ ነዋ። ሰው ሲገባ ትቆጥራለች። «አምስት ሰው፣ አጎቴ። ስድስት ሰው፣ አጎቴ። ጩህ!»

መጀመሪያ የወደቀችው በጥያቄ ነው። ፈታኟ ማሽን ናት፤ ልጆች «እትዬ ጥራት» ይሏታል። ድምፅዋ ማር ነው።

«ይህ አሃድ ክብ ነው» አለቻት። «ከመሃሉ እስከ ጠርዙ አንድ ነው። ጥያቄ አለሽ?»

«አንድ ምን?» አለች ትርንጎ።

«አንድ።»

«አንድ ምን?»

«አንድ ብቻ ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

«አንድ ብቻ ምን?»

አርባ ደቂቃ። ሰዓቱ አለቀ፣ ልጅቷ ወደቀች። በሁለተኛው ፈተና እናቷ «አንድ ምን እንዳትዪ!» ብላ አስማለቻት። ትርንጎ ቃሏን አከበረች፤ ሌላም ነገር ቢጠይቋት አፏን ሳትከፍት አርባውን ደቂቃ ቆማ ወጣች።

«አንተ ነህ ያበላሸሃት!» አለችኝ ፈትለወርቅ የዚያን ዕለት። «ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው፣ ሁለት ሰው ስትልባት! ልጄ ባዶ ቁጥር አልዋጥ አላት!»

«እኔ ምን አደረግሁ? አንድ ብሎ ዝም ይባላል እንዴ? ታክሲ ውስጥ አንድ ብዬ ዝም ብል ሻንጣ ይሁን ፍየል ማን ያውቃል?»

«ቀልድ! ቀልድ አንተ! በሦስተኛው ብትወድቅ ማቃኛ ነው የሚወስዷት፣ ገባህ?»

ገብቶኝ ነበር። ማቃኛ ከከተማ ውጭ ያለ አዳሪ ነው። ሁለት ዓመት። ወላጅ በወር አንድ ጊዜ በመስታወት ውስጥ ያያል። ቦታው ንጹሕ ነው፣ ምግቡም ጥሩ ነው ይላሉ። ከዚያ የተመለሱ ልጆችን አይቻለሁ፤ ሰላሟ ውስጥ ሲሳፈሩ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። የት እንደሚሄዱ አይጠይቁም።

ለሦስተኛው ፈተና አንድ ወር ሲቀረው አስተምራት ጀመር። ስቃችሁ ከሆነ ጨርሱና ቀጥሉ። አንድ ቀን ጠዋት የሰባት ዛፍ አደባባይ ዳር ቆመን ነበር። (አደባባዩ ላይ ያለው ዛፍ ሁለት ነው፤ አንዱ ፕላስቲክ ነው።) ፀሐይ በፎቆቹ መሃል ብቅ ስትል ትርንጎን ፊቷን ወደ እንጦጦ አዞርኳትና «ቀኝ እጅሽን ወደ ፀሐይ ዘርጊ» አልኳት።

ዘረጋች።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት። እማዬ የገባችበት።»

«ፀሐይ የት ናት?»

«መሬት ላይ።»

«ዜሮ በያት። አሁን ጣትሽ ፀሐይዋን እየተከተለ ይውጣ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የት ትደርሳለች?»

ጣቷን ቀስ እያለች አነሣችና አናቷ ላይ አቆመች። «እዚህ። እኔን ታክላለች!»

«ዘጠና ነው እሱ። በየሰዓቱ አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት ዲግሪ ነው የምትሄደው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት?»

«በግራ እጄ ትገባለች። ዜሮ!»

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የእኛ ሰዓት ከፀሐይ ጋር ይነሣል፣ ክቡም ከቀኝ ከመሬት ይነሣል። ሁለቱ መንታ ናቸው። አሥራ ሁለት ሰዓትን ዜሮ ብሎ የጀመረ አገር ክብ አይከብደውም፤ ይህን ያገኘሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ሁለት ጊዜ በመስኮት የወጣሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትርንጎ ሰው «ስንት ሰዓት ነው?» ሲላት «ስድሳ» ትላለች፤ አራት ሰዓት መሆኑ ነው። አንድ ተሳፋሪ ይህን ሰምቶ ዶክተር አሳዩአት ብሎኛል።

እኔ ግን በሰዓቱ ብቻ አልተማመንኩም። ሰው በትምህርት ብቻ ከተማመነ ምኑን አሻግሬ ሆነ? ሌላ መላ መታሁ። የፈተናው አዳራሽ እዚያው ሰባት ዛፍ አደባባይ ዳር ነው፤ መስኮቱ ለታክሲ ተራው ክፍት ነው። ጥያቄውን ከውጭ እሰማለሁ፣ መልሱን እጮሃለሁ። ረዳት ሲጮህ ማን ይጠረጥራል?

«ፒያሳ ካልኩ?»

«ዜሮ።»

«ሜክሲኮ?»

«ግማሽ።»

«መገናኛ?»

«አንድ» አለች። ትንሽ አሰበችና፣ «አንድ ምን?»

«ይቺን ጥያቄ ለዛሬ ተይልኝ፣ የኔ እናት።»

«እሺ።» እግሯን አወዛወዘች። «ግን አንድ ምን?»

የፈተናው ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፈትለወርቅ ከቆስጣዋ አስፈቅዳ መጣች። ትርንጎን ይዛ ገባች፤ ወላጅ ከመስታወት ጀርባ ነው የሚቆመው። እኔ ሰላሟን መስኮቱ ሥር አቆምኩ። ታክሲ ይዞ ዝም ብሎ መቆም ደግሞ ያስጠረጥራል። ስለዚህ ድምፄን ለማሟሟቅ ያህል ሦስቱንም ለቀቅኩት፦ «ፒያሳ! ሜክሲኮ! መገናኛ! ፒያሳ፣ ሜክሲኮ፣ መገናኛ!»

ስህተቴ ይህ ነበር። ሰው መግባት ጀመረ።

ሁለቱ ለፒያሳ፣ ሁለቱ ለሜክሲኮ፣ አንዲት ዘንቢል የያዙ እማማ ለመገናኛ፣ አንድ ተማሪ ደግሞ የት እንደሚሄድ ሳይናገር። ስድስት። ሰላሟ በበሩ ጎሸም አደረገችኝ። ዝም አልኩ። ደገመችኝ።

በመስኮቱ የእትዬ ጥራት ድምፅ መጣ። «ይህ አሃድ ክብ ነው። ከመሃሉ እስከ ጠርዙ አንድ ነው። ጥያቄ አለሽ?»

ከመስታወቱ ጀርባ ፈትለወርቅ አፏን በሁለት እጇ ያዘች አሉ። ለራሷ አፍ ሳይሆን ለልጇ።

«አንድ ምን?» አለች ትርንጎ።

አለቀልን አልኩ። በዚያው ቅጽበት ሰላሟ በሙሉ ጉልበቷ ገፋችኝ፤ ሳላስበው የሃያ ዓመት ጉሮሮዬ ተከፈተ።

«አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!»

አዳራሹ ውስጥ ትርንጎ «አሃ» ስትል ሰማኋት። «እሺ። ቀጥዪ።»

ወዲያው አንድ ነጭ በነጭ የለበሰ ጎረምሳ በእጁ ትንሽ ሳጥን ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ለካ ቀለበት ሊያስር እየሄደ ነው። ዘሎ ገባ። ሰባት። ሰላሟ ተነሣች፤ እኔም በሩ ላይ እንደተንጠለጠልኩ።

«ቁሚ! ሰላሟ ቁሚ፣ ልጄ ፈተና ላይ ናት!»

«ውድ ረዳታችን፣ ሰባት ሰው ሞልቷል።»

«ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«ወደ ፒያሳ፣ ወደ ሜክሲኮ እና ወደ መገናኛ።»

«የቱ ይቀድማል?»

«በማጥናት ላይ ነኝ» አለችና አደባባዩን ይዛ መዞር ጀመረች።

አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ዞርን። ቆጥሬአለሁ። የእኛ አገር መኪና አደባባይን የሚዞረው ክቡ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው፤ ያን ቀን ግን ይህን ለማድነቅ ፋታ አልነበረኝም። በዞርን ቁጥር መስኮቱ ሥር አንዴ እናልፋለን፤ ባለፍን ቁጥር አንዳንድ ቃል እሰማለሁ።

«ሠላሳ ዲግሪ» ትላለች ማሽኗ።

«ሁለት ሰዓት» ትላለች ትርንጎ። «ግማሽ ሰው።»

«ስህተት።»

ዞርን። ለፒያሳ የገባው ሰውዬና ለሜክሲኮ የገባችው ሴትዮ ማን ይቅደም ብለው ተያይዘዋል። ጎረምሳው ሳጥኑን ደረቱ ላይ ይዞ «አማቶቼ ቆመዋል! አማቶቼ ቆመዋል!» ይላል።

«ዘጠና ዲግሪ።»

«ስድስት ሰዓት። አንድ ሰው።»

«ስህተት።»

«ምኑ ነው ስህተቱ?» አሉ ዘንቢል የያዙት እማማ። «ስድስት ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ አይደለችም እንዴ? ይቺ ማሽን ከቤት ወጥታ አታውቅም?»

ዞርን።

«መቶ ሰማንያ ዲግሪ።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት። እማዬ የምትመጣበት። መሬት ላይ ናት።»

«ስህተት።»

በሚቀጥለው ዙር ታክሲው በሙሉ ጸጥ ብሎ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አቁሟል። ለፒያሳ የገባው ሰውዬ የሴትዮዋን ክንድ ይዞ «ሽ! እንስማበት» ይላል።

«ሁለት መቶ ሰባ ዲግሪ።»

«የሌሊት ስድስት ሰዓት» አለች ትርንጎ። «አንድ ሰው። ግን ተዘቅዝቆ።»

«ስህተት። ፈተናው ተጠናቋል።»

የእማማ ትዕግሥት አለቀ። ዘንቢላቸውን ብድግ አደረጉና «ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ።

ሰላሟ ቀጥ ብላ ቆመች። አሥራ ዘጠኝ ዙር ሙሉ ይቺን ቃል ማንም አላላትም፤ ማንም አልደረሰማ! ሁላችንም ተያየን፤ ጎረምሳው ግንባሩን በሳጥኑ መታ።

ተግተልትለን ወደ አዳራሹ ገባን። ትርንጎ መድረኳ ላይ እንደቆመች ነው፤ ክቡ ግድግዳው ላይ አልጠፋም። ፈትለወርቅ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ጋ አቶ መክብብ የሚባሉ ሰውዬ ተቀምጠዋል። እሳቸውም እንደኔው ናቸው፤ ውጤቱን የምትወስነው ማሽኗ ናት፣ ማኅተሙን ግን ሰው ይምታው የሚል ደንብ ስላለ ብቻ አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ያለው ወረቀት ላይ «ከሰባት ዜሮ» ይላል። ከሥሩ «ወደ ማቃኛ» ይላል። ማኅተሙ እጃቸው ላይ ነው።

«ጌታዬ» አልኳቸው። ቀልድ ፈለግሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም አጣሁ። «ጌታዬ፣ ልጅቷ ታውቃለች።»

«እኔ ማኅተም ነኝ፣ ወንድሜ።»

«እኔም ጩኸት ነኝ። ግን ታውቃለች።»

አቶ መክብብ መነጽራቸውን አወለቁ። ትርንጎን ተመለከቱ። «ነይ እስቲ፣ እሜትዬ» አሏት። «አሁን ስንት ዲግሪ ነው?»

ትርንጎ ከመድረኩ ወርዳ ወደ መስኮቱ ሄደች። ቀኝ እጇን ወደ ፀሐይዋ ዘረጋች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

«አርባ አምስት» አለች።

ሰውዬው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ሦስት ሰዓት ነው፤ አንዲት ደቂቃ አልጎደለም፣ አልተረፈም። ከዚያ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ አምስት እያሉ ቆጠሩ። ፊታቸው ላይ አሥራ አንድ ዓመት ያልታየ ነገር መጣ።

«ይቺ ማሽን» አሉ ቀስ ብለው «ስትመጣ ቀኑን በእኩለ ሌሊት ነበር የምትጀምረው። እኔ ራሴ ሦስት ሰዓት ና ብላኝ በማለዳው መጥቼ በር ላይ ስድስት ሰዓት ቆሜአለሁ፤ ለካ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ማለቷ ነው። ማንም አላስተካከላትም።» ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አንድ ክዳን ከፈቱ። ሲፈልጉ ቆዩ። «የቀን መጀመሪያ… ይኸው።» አንዲት ነገር ጠቅ አደረጉ። «እኩለ ሌሊት» የሚለው ጠፍቶ «ንጋት» የሚል መጣ።

እትዬ ጥራት በማር ድምፅዋ ተመለሰች፤ ትንሽ የተደናገጠች ይመስላል።

«ሰዓቶቹ ከዲግሪዎቹ ጋር ይስማማሉ። ነገር ግን ‘ሰው’ የሚል መለኪያ አላውቅም። ሰው ምን ያህል ነው?»

«ንገሪያት» አሉ አቶ መክብብ።

«አንድ ነው» አለች ትርንጎ።

«አንድ ምን?» አለች ማሽኗ።

ከጀርባዬ ተማሪው ሳቁን አፍኖ አስነጠሰ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም። ወደ መድረኳ ተመልሳ ወጣች፤ እግሯን ክቡ መሃል ላይ፣ አናቷን ክቡ አናት ላይ ልክ አደረገች። ለካ ክቡን የሚስሉት በልጁ ቁመት ልክ ነው። ለማንም ልጅ ነግረው አያውቁም እንጂ።

«አንድ እኔ» አለች።

ማሽኗ አሰበች። እኔ እንደሚመስለኝ አሰበች። «ሰባት ከሰባት» አለች በመጨረሻ።

ፈትለወርቅ ከወለሉ እንዴት እንደተነሣች አላየሁም፤ ልጇን ይዛ ስትሽከረከር ነው ያየሁት። እማማ እልል አሉ። ለፒያሳ የገባው ሰውዬ ለሜክሲኮ የገባችውን ሴትዮ አቀፋት፤ እሷም አልተቆጣችም።

አቶ መክብብ ማኅተሙን አነሡ። ግን ወዲያው አልመቱም። «አንድ ነገር ልይ» አሉ። «እሜትዬ፣ ቀኝ እጅሽን በአናትሽ ላይ አሳልፊና ግራ ጆሮሽን ንኪ።»

ትርንጎ እጇን በአናቷ ላይ አሳለፈች። ጣቶቿ ፀጉሯ ላይ ተንፈራገጡ። ምላሷን አወጣች፣ አንገቷን አዘነበለች፣ በእግር ጣቶቿ ቆመች። ጆሮዋ ጋ ለመድረስ አራት ጣት ያህል ቀራት።



«ገና ናት» አሉ አቶ መክብብ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። ወረቀቱ ላይ «ወደ ማቃኛ» የሚለውን ሰረዙ። «አለፈች» ብለው ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ በገዛ እጃቸው «ሄዳ ትጫወት» ብለው ጨመሩና ማኅተሙን መቱ።

አሁን በየፈተና ጣቢያው ክቡ ሲበራ እትዬ ጥራት «ከመሃሉ እስከ ጠርዙ አንድ ሰው ነው» ትላለች። ሰምቻታለሁ፤ በቀን ሦስት ጊዜ መስኮቱ ሥር እቆማለሁ። ጎረምሳው ቀለበቱን በማግስቱ አስሯል፤ አማቶቹ ግን እስከ ዛሬ «ዘዋሪው» ነው የሚሉት፤ ስለዚህ አያናግረኝም። ትርንጎ የትም አልሄደችም። የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰው ትቆጥራለች፤ አፈርም ትጫወታለች፤ በዚያው እጇ ወንበሩን ታቆሽሻለች።

በመጀመሪያ እውነት ነው ብዬ ምያለሁ፣ ጎማም አስይዣለሁ። ስለዚህ አንዲት ነገር ላስተካክል። ማሽኗን ከራሴ አልፈጠርኳትም፣ አሥራ ዘጠኙን ዙር አልፈጠርኩም፣ ቀለበቱንም ቢሆን። የፈጠርኩት ያን የሰባት ዛፉን ጠዋት ነው። ትርንጎን ወደ እንጦጦ ያዞርኳት እኔ አይደለሁም። እኔ በሩ ላይ ተደግፌ እንቅልፌን እየለጠጥኩ ነበር። እሷ ናት እጅጌዬን ጎትታ ያዞረችኝ፤ «አጎቴ፣ ቀኝ እጅህን ወደ ፀሐይ ዘርጋ» ያለችኝ። ዘረጋሁ። ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። ፀሐይዋ የት እንደምትደርስ ጠየቀችኝ፣ አሳየኋት። ያን ጠዋት ነው ከስምንተኛ ክፍል በበሩ የወጣሁት።

አንድ ብቻ ነው የዋሸሁት። አንድ ምን እንዳትሉኝ።